ለጥርኝ ውሃ

ከተአምረ ማርያም ታሪኮች መካከል የበላኤ ሰብእን ያህል በሕዝብ ልብ የቀረ ያለ አይመስለኝም። ሰውየው 78 ሰው በልቷል፤ ቤተሰቡንም አልማረም። በውሃ ጥም የነደደ ለምጻም በእግዚአብሔር ስም ቢለምነው እምቢ አለ። በመጨረሻ የእመቤታችን ስም ሲጠራበት ግን ራራ፤ ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ደግነቱ ይኸው ነው፤ ሌላ አልተገኘለትም።

ከሞተ በኋላ 78ቱ ነፍሳት በሚዛኑ በአንድ ወገን፣ ውሃዋ በሌላው ተቀመጡ። ውሃዋ ቀለለች። እኔን የሚደንቀኝ እዚህ ላይ ነው፤ ተራኪው ጥርኝ ውሃ የሰው ደም ያህል ትመዝናለች ብሎ አይዋሽም። ሚዛኑ የሚደፋው የእመቤታችን ጥላ ሲያርፍበት ነው። (ሠዓሊዎች ይህችን ሚዛን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ መሣል አይሰለቻቸውም።) ማቴዎስ በምዕራፍ 10 መጨረሻ ቀዝቃዛ ውሃ ያጠጣ ዋጋው እንደማይጠፋበት ጽፏል፤ ያ ግን በደቀ መዝሙር ስም ለሚያጠጣ ነው። የእኛ ታሪክ ተስፋውን እስከ ሰው በላ ድረስ ይዘረጋዋል። ድፍረት ነው፤ እኔ ግን እወደዋለሁ።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው ዘርዐ ያዕቆብ ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ አዘዘ። የካቲት 16 ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ የበላኤ ሰብእ ታሪክ ዛሬም ይነገራል። የኪዳነ ምሕረትን ዝክር የሚዘክሩ እናቶችም ለነዳያን ዳቦ ይቆርሳሉ፣ ጠላ ይቀዳሉ፤ አቅም ያጣችዋ ቆሎና ውሃ ታቀርባለች።