ሳይነኩ መያዝ

ዶሎ ኦዶ ላይ ገናሌና ዳዋ ሲገናኙ ይቀላቀሉና ጁባ ሆነው ወደ ሶማሊያ ይዘልቃሉ። ግማሽ ሚሊ ሜትር በማይሞላ ቦይ ውስጥ ግን ሁለት ፈሳሾች ጎን ለጎን እየፈሰሱ ቶሎ አይደባለቁም፤ ጥበቱ ለሽክርክሪት ቦታ አይሰጥም። እኔን የሚያስደንቀኝ ድምፅ ሲጨመር የሚሆነው ነው።

ከቦዩ ሥር የተለጠፈች የሴራሚክ ቁራጭ በኤሌክትሪክ በሰከንድ 2 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ትንቀጠቀጣለች። ጆሮ አይሰማትም። የዚህ ድምፅ ሞገድ ውኃ ውስጥ ርዝመቱ 0.75 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ቦዩ የዚያን ግማሽ ከሰፋ ሞገዱ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ባለበት ይቆማል። ያኔ ቀይ የደም ሴሎች፣ ከፈሳሹ ከበድና ጠንከር ስለሚሉ፣ ግፊቱ ወደማይለዋወጥበት መሃል ይሰለፋሉ። ስብ ግን ወደ ግድግዳው ይሸሻል! የስዊድኑ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ይዘው በልብ ቀዶ ሕክምና ጊዜ ከሚፈሰው ደም ስብን ለመለየት ሞክረው ተሳክቶላቸዋል።

መሠረቱ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው አውጉስት ኩንት በ1866 እ.ኤ.አ. በመስታወት ቱቦ ውስጥ ዱቄትን በድምፅ ረድፍ አስይዞ አሳይቷል። አሁን በዱቄቱ ቦታ ሕይወት ያለው ሴል ገባ፤ ለዚያውም ቀለም ሳይቀባ፣ በሴንትሪፊውጅ እንደሚሆነው ሳይደፈጠጥ። ትልቁ ሴል ከትንሹ ቀድሞ መሃል ስለሚደርስ፣ መውጫውን ለሁለት መክፈል ብቻ በመጠን ለመለየት ይበቃል።