የበዛብህ ስለትና የእኛ ልጆች

የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ፣ ወይም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ፍቅሩን ነው። በዛብህና ሰብለ ወንጌል፣ ከዚያ መቃብሩ! እንባችንን ጠርገን መጽሐፉን እንዘጋለን። እስቲ ጠጋ ብለን እንየው ካልን ግን በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልቦለድ ውሳኔያቸውን የተቀሙ ልጆች ታሪክም ነው።

በዛብህን ወላጆቹ ገና በልጅነቱ ለቤተ ክርስቲያን ተሳሉት። ክፋት አልነበረባቸውም፤ እንዲኖርላቸው ፈልገው ነው። ልጁ ሲያድግ ግን ስለቱ ቀንበር ሆኖ ጫንቃው ላይ ተገኘ። የሰብለም ነገር ከዚህ አይሻልም። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ የመጣውን ጠያቂ ሁሉ «በዘር አይመጥነንም» እያሉ ሲመልሱ ዕድሜዋ ነጎደ። እሷስ ምን ትላለች ብሎ የጠየቀ የለም። ልማዱ ይታረም ያለው ካሳም «ጉዱ» ተባለና አረፈው።

«ያ የድሮ ሥርዓት ነው» ብሎ መገላገል ይቻላል። የፊታውራሪዎቹ ሥርዓት ከወደቀ እኮ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል! ታዲያ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰውን ልጅ «ሐኪም ነው የምትሆነው» የሚለው አባት ምን እያደረገ ነው? «ቤተሰቡን እናውቀዋለን፣ እሱን አግቢ» የምትለዋስ እናት? ስለቱ ስሙን ቀየረ እንጂ አልቀረም።

ጣጣው የሚመጣው ነገሩ ሳይሳካ ሲቀር ነው። ልጁ «እነሱ ናቸው ያስገቡኝ» ይላል። አባት ደግሞ «እኔማ መንገዱን አሳይቼው ነበር፣ እሱ ነው ሰነፍ» ይላል። ስህተቱ መሀል ላይ ወድቆ አንሺ ያጣል። ባለቤት የሌለው ስህተት ደግሞ ማንንም አያስተምርም። ፊታውራሪም አንዱን ጠያቂ መልሰው ሌላውን ሲመልሱ፣ የቱ ላይ ነው ያጠፋሁት ብለው ራሳቸውን አልጠየቁም።

«ታዲያ ልጅ እንዳሻው ይሁን ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ወላጅ ይምከር፣ ያየውን ይናገር፣ ካስፈለገም ይከራከር። ችግሩ ምክርና ትእዛዝ ሲደባለቁ ነው። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» እንላለን። አባባሉ እውነት አለው፤ ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ግን እንደ እርግማን ነው። ልጁ እምቢ ካለ በኋላ እጃችንን አጣጥፈን መውደቂያውን እንጠብቃለን፤ ሲወድቅም «አላልኩህም?» ለማለት እንቸኩላለን። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ሠላሳ ዓመት ሞልቶትም የቤት ዕቃ ለመግዛት ሦስት ሰው ቢያማክር ምን ይገርማል?

ልበ ሙሉነት የሚመጣው ፈጽሞ አልሳሳትም ከማለት አይመስለኝም። ብሳሳት የምመለስበት ደጅ አለኝ ከማለት ነው። የሰብለ ትልቁ ጉዳትም እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻ የራሷን ውሳኔ ወስናለች፤ ግን የወሰነችው ከቤት ጠፍታ ነው። በዛብህን ፍለጋ ስትንከራተት ቆይታ አገኘችው፤ ያገኘችው ግን ሊሞት ሲል ነው።

ያችን ልጅ ቤቷ ሳለች «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ቢሏት ኖሮ ምን ይጎድል ነበር?