አሮጌ ማሽኖችን የሚያስነሱ እጆች

ጣሊያናዊው ኒኮላ ሳልሞሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ሜይም የተባለ ፕሮግራም፣ የድሮ የመጫወቻ ቤት ማሽኖችን በሶፍትዌር አስመስሎ ያሠራል። ያቆዩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ትዕግሥታቸው ሁሌም ይገርመኛል። አንዱ ካረጀ ሰሌዳ ላይ የቺፑን ይዘት ያነብባል። ሌላው እ.ኤ.አ. የ1980ውን የፓክማን ጨዋታ የሚያንቀሳቅሰው ዜድ80 ፕሮሰሰር እያንዳንዱን ትእዛዝ እንዴት እንደሚፈጽም በኮድ ይጽፋል። ጨዋታው ስለተከፈተ ብቻ አይረኩም። ድምፁ ወይም ፍጥነቱ ከእውነተኛው ማሽን ከተለየ ሥራው ገና ነው፤ ምክንያቱም ዋና ዓላማቸው ጨዋታ ሳይሆን የማሽኑን አሠራር መዝግቦ ማቆየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ፕሮጀክቱ ወደ ነፃ የሶፍትዌር ፈቃድ ሲዛወር ደግሞ፣ ከዓመታት በፊት ኮድ ያዋጡትን ሳይቀር እያፈላለጉ ይሁንታቸውን ጠይቀዋል። ይህን አክብሮታቸውን ከኮዱ እኩል እወደዋለሁ።