ስደት፣ ዘርና ፍቅር በልብ ወለድ ድርሰት፤ ከዶርዜ ደጋ ሲታይ

ስለ ስደት፣ ስለ ቆዳ ቀለምና ስለ ፍቅር የተጻፈ ልብ ወለድ ለዶርዜ ተማሪ የሩቅ አገር ወሬ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ከአርባ ምንጭ በላይ በሚገኘው በዚህ ደጋ፣ አባት ሸማ ሊሠራ አዲስ አበባ ሄዶ ሽሮ ሜዳ የሚከርምበት፣ ለመስቀል ወደ ቀዬው የሚመለስበት ኑሮ ለብዙ ቤተሰብ የተለመደ ነው። ስለዚህ የዲናው መንግሥቱ የመጀመሪያ ልብ ወለድ ከዚህ ልጅ ኑሮ ጋር ተያይዞ ሊመረመር ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ1978 አዲስ አበባ የተወለደውና በሁለት ዓመቱ ወደ አሜሪካ የተወሰደው ደራሲ፣ ድርሰቱን በእንግሊዝኛ ጽፎ በ2007 አሳተመ፤ በብሪታንያ «የአብዮት ልጆች» በሚል ርእስ ወጥቷል። ባለታሪኩ ሴፋ እስጢፋኖስ አባቱን አብዮቱ የነጠቀው ስደተኛ ነው። በዋሽንግተን፣ ሎጋን ሰርክል በተባለው የጥቁሮች ሰፈር አነስተኛ ሱቅ ይዞ ይኖራል። ጁዲት የተባለች ነጭ ምሁር ከአፍሪካዊ አባት ከተወለደችው ልጇ ከናኦሚ ጋር በጎረቤቱ ትሰፍራለች። ሴፋና ሕፃኒቱ በሱቁ ውስጥ ተቀምጠው የዶስቶየቭስኪን ትልቅ መጽሐፍ የሚያነቡባቸው ገጾች ከድርሰቱ ሁሉ የላቁ ናቸው። በአንጻሩ ጁዲት ራሷ በሚገባ አልተሣለችም፤ አንባቢ የሚያያት በሴፋ ፍርሃት በኩል ብቻ ነው።

ፍርሃቱ ግን የድርሰቱ ቁም ነገር ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የሚለያየው የትውልድ ደረጃ ነው፤ ከልካዩም ፊታውራሪ መሸሻ በግልጽ ይታወቃሉ። ሴፋን እንዲህ ያለ ከልካይ አባት አልገጠመውም። ሰፈሩ በባለገንዘቦች መያዙ ያስቆጣው እጅ የጁዲትን ቤት ከማቃጠሉ በፊት፣ እርሱ ራሱን ከእርስዋ በታች አድርጎ መዝኖ አፈግፍጓል። ንቀት በተናቀው ሰው ልብ ውስጥ ሥር ሲሰድ ምን እንደሚመስል ደራሲው ያለ ስብከት አሳይቷል።

ይህ ለሸማኔ ልጅ እንግዳ አይደለም። «ሸማኔ» የሚለው ቃል ራሱ ስድብ የነበረበት ዘመን እንደነበረ፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛ እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. ያወጁት አዋጅ ይመሰክራል። ይሁን እንጂ መምህሩ እዚህ ላይ ቢያቆም ሥራውን ከግማሽ ላይ ይተዋል። በጋሞ ደጋ ሽመና የማላ ሙያ ነው፤ ማላም በነባሩ ልማድ ሸክላ ከሚሠሩት ማናና ቆዳ ከሚያለፉት ደጋላ ጋር አይጋባም። በከተማ የተናቀው ሸማኔ በአገሩ እምቢ የሚል የልጅ አባት ሊሆን ይችላል። ሴፋን ያነበበ የዶርዜ ተማሪ ስለ አባቱ ስደት ሲናገር አንደበቱ ይፈታ ይሆናል፤ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ በዚያው ክፍል ተቀምጣ ከሆነ ግን ጥያቄው ይከብዳል።

መጽሐፉ ለመላው ክፍል ረጅም ነው፤ ለከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሱቁን ንባብና የእራቱን ግብዣ መርጦ ማቅረብ ይበቃል።