ብርቱው ምትና የተሰወረው ሒሳብ

የኮምፒዩተርና የስልክ ጨዋታ ጉዳይ በመምህራን መካከል ሲነሣ ዘወትር የሚሰማው ክስ አንድ ነው፤ ይኸውም የተማሪውን የጥናት ሰዓት ይሻማል የሚል ነው። ክሱ ሐሰት አይደለም። ሆኖም ጨዋታው ራሱ ምን እንደሚያስተምር ሳይመረመር የሚሰጥ ፍርድ ሂስ ሊባል አይችልም። ስለዚህ እዚህ ጁባ የምናስተምራቸው ወጣቶች ደጋግመው ከሚከራከሩባቸው ነገሮች አንዱን፣ ክሪቲካል ሂት የሚባለውን፣ ለይተን ልንመረምር ወደድን።

አክሽን ሮል ፕሌይንግ በሚባሉት ጨዋታዎች ተጫዋቹ አንድ ጀግና ይዞ ይዋጋል፤ ጀግናውም በልምድና በመሣሪያ እየበረታ ይሄዳል። እያንዳንዱ ምት በጠላት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በቁጥር ይለካል። አልፎ አልፎ ግን ምቱ ከወትሮው በርትቶ ያርፍና ቁጥሩ ጎልቶ ይታያል። ክሪቲካል ሂት ይህ ነው፤ እኛ ብርቱ ምት እንለዋለን። ሐሳቡ በኮምፒዩተር ከመሠራቱ በፊት በጠረጴዛ ጨዋታ ላይ ይታወቅ ነበር። ኤም. ኤ. አር. ባርከር እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጡት ኤምፓየር ኦፍ ዘ ፔታል ትሮን በተሰኘው ጨዋታ፣ 20 ገጽ ያለው ዳይስ ተጥሎ 20 ሲወጣ ጉዳቱ እጥፍ ይሆን ነበር። ይህም ከ20 አንድ፣ ማለትም የ5 በመቶ ዕድል ነው።

የዛሬዎቹ ጨዋታዎች ነገሩን በሁለት ቁጥሮች ይወስኑታል። አንደኛው ብርቱ ምት የሚገኝበት ዕድል ሲሆን ሁለተኛው ብርቱው ምት በተራው ምት ላይ የሚጨምረው ጉዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ዲያብሎ 3ም ሆነ በ2020 በወጣው ጌንሺን ኢምፓክት መነሻው ዕድል 5 በመቶ፣ ጭማሪው ደግሞ 50 በመቶ ነው። ተራው ምት 100 ጉዳት ቢያደርስ፣ ብርቱው 150 ያደርሳል ማለት ነው። ተማሪው ዓይኑን የሚጥለው በ150ው ላይ ነው። ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል፤ ዕድሉ በጭማሪው ሲባዛ 0.05 × 0.5 = 0.025 ስለሚሆን፣ ብዙ ጊዜ ሲመታ የአንዱ ምት አማካይ ጉዳት 102.5 ብቻ ነው። ያ ሁሉ ድምቀት በአማካይ የሚያስገኘው ሁለት ነጥብ ተኩል ነው!

ከሁለቱ ቁጥሮች የትኛው ቢያድግ ይሻላል የሚለው ክርክር መልስ የሚያገኘው እዚሁ ላይ ነው። በጌንሺን ኢምፓክት በመሣሪያ ላይ በንዑስ ጭማሪነት የሚገኘው ከፍተኛ ድርሻ ለዕድሉ 3.9፣ ለጉዳቱ ደግሞ 7.8 በመቶ ነው፤ ስለዚህ አንድ እጅ ዕድል በሁለት እጅ ጉዳት ይመነዘራል። 50 በመቶ ዕድልና 100 በመቶ ጭማሪ ያለው ተጫዋች አማካዩ 150 ይሆናል። ከዕድሉ 30 ነጥብ ቀንሶ ወደ ጉዳቱ ያዛወረ ተጫዋች 20 በመቶ ዕድልና 160 በመቶ ጭማሪ ይኖረዋል፤ አማካዩ ግን ወደ 132 ይወርዳል። በተቃራኒው ዕድሉን 80፣ ጭማሪውን 40 ቢያደርግም ውጤቱ ያው 132 ነው። ዙሪያቸው እኩል ከሆኑ ሬክታንግሎች መካከል ሰፊው ካሬ እንደሆነ በሰሌዳ ላይ የምናስተምረው ሕግ ይኸው ነው።

እርግጥ አማካይ ሁሉንም አይናገርም። 100 ነጥብ ሕይወት የቀረው ጠላት በተራ ምት ስለሚወድቅ ብርቱው ምት ለእርሱ ትርፍ የለውም፤ 150 ለቀረው ግን ሁለት ምት የሚጠይቀውን ሥራ በአንድ ይጨርሳል። ይህም ቢሆን የሚታወቀው በማስላት እንጂ በመጓጓት አይደለም።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታውን የምናመሰግንበት እንጂ የምንነቅፍበት ምክንያት የለንም። ነቀፌታችን የሚጀምረው ዕድል እንዴት እንደሚሠራ ከሚሰወርበት ላይ ነው። ዕድሉ 25 በመቶ ከሆነና እያንዳንዱ ምት ራሱን የቻለ ከሆነ፣ አሥር ጊዜ ተመትቶ አንድም ብርቱ ምት ያለመገኘቱ ይሆናልነት 5.6 በመቶ ያህል ነው። ከ18 ሙከራ አንዴ ገደማ ይደርሳል ማለት ነው። ተጫዋቹ ግን «ተበደልሁ» ይላል። ይህን ቅሬታ ለማብረድ አንዳንድ ጨዋታዎች ዕድሉን ያርቁታል። ከአክሽን ሮል ፕሌይንግ ወገን ባይሆኑም ዋርክራፍት 3 እና ዶታ 2 ለዚህ የታወቁ ናቸው። በዶታ 2 ዕድሉ 25 በመቶ ነው ሲባል የመጀመሪያው ምት እውነተኛ ዕድል 8.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ብርቱ ምት ባልተገኘ ቁጥር በዚያው መጠን እያደገ ይሄዳል፤ ሲገኝ ደግሞ ወደ መነሻው ይመለሳል። አማካዩ 25 መሆኑ አልተዋሸም። ነገር ግን «ብዙ ስለከሸፈብኝ አሁን ተራዬ ነው» የሚለው የቁማርተኛ እምነት በዚያ ጨዋታ ውስጥ እውነት ሆነ!

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ዕድል የከሰረውን ሰው የምትክስ መስሎት ያደገ ወጣት፣ ያንኑ እምነት ይዞ ወደ ውርርድ ቤት ይገባል። እዚያ ግን ዕዳውን የሚቆጥርለት ማሽን የለም፤ ዘጠኝ ጊዜ መሸነፉ አሥረኛውን አንዲት ነጥብ አያቀርብለትም። የሚያልቀው የጨዋታ ነጥብ ሳይሆን የትምህርት ቤት ክፍያና የቤት አስቤዛ ነው። ስለዚህ ሠሪዎቹ ዕድሉን ማረቃቸው ሳይሆን ሳይናገሩ ማረቃቸው ሊነቀፍ ይገባል እንላለን።

ደግሞም ይህ ሒሳብ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ሰው የጻፈው ነው። ሉዋል ማየን የተባለው ደቡብ ሱዳናዊ ወላጆቹ ከጦርነት ሲሸሹ በመንገድ ላይ ተወልዶ በሰሜን ኡጋንዳ በስደተኞች ሰፈር አደገ። እናቱ ሦስት ዓመት ባጠራቀሙት ገንዘብ ላፕቶፕ ገዙለት፤ እርሱም ባትሪውን ለመሙላት የሦስት ሰዓት መንገድ በእግሩ ይጓዝ ነበር። ሙያውን ራሱን አስተምሮ ሰላም የተሰኘ ጨዋታ ሠራ፤ ድርጅቱንም በዐረብኛ ደቡብ ማለት በሆነው ቃል ጁኑብ ጌምስ ብሎ ሰየመው። በዚያ ጨዋታ ተጫዋቹ የሚቆጥረው የምት ብርታት ሳይሆን የሚሸሸው ሰው ውሃ፣ ምግብና መድኃኒት ነው። ምን እንደሚቆጠርና ምን እንደሚሸለም የሚወስነው ሠሪው መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ ለተማሪዎቻችን አናገኝም።

እንግዲህ መምህሩ ምን ያድርግ? ስልክም መብራትም ሳያስፈልገው አራት ቁራጭ ወረቀት ወስዶ በአንዱ ላይ ምልክት ያድርግና በባርኔጣ ውስጥ ይጨምር። ተማሪዎቹ በመጀመሪያ ያወጡትን ወረቀት እየመለሱ ዕጣ ያውጡ፤ ዕድሉ ዘወትር ከአራት አንድ ይሆናል። ቀጥሎ ሳይመልሱ ያውጡ፤ ምልክቱ ባልወጣ ቁጥር ዕድሉ ከሦስት አንድ፣ ከሁለት አንድ እያለ ያድጋል። ከዚያም የትኛው ጨዋታ፣ የትኛው ውርርድ ከየትኛው ባርኔጣ እንደሚያወጣ ይጠይቃቸው። ይህን ለመጠየቅ የለመደ ተማሪ ቢጫወትም አይታለልም።