የአየርላንድ ዱላ፤ የሕዝብ ጥበብ ወይስ የሕዝብ ቁስል?

ስለ ሕዝብ ጥበብ ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ዘፈኑን፣ ሽመናውንና ተረቱን ነው። ሕዝብ እርስ በርሱ የተማታበትን ጥበብ ግን ወይ እንሸፍነዋለን፣ ወይ ያለ ልክ እናሞግሰዋለን። ሁለቱም መንገዶች ከእውነት ያርቁናል። ጉዳዩን አጥርቶ ለማየት በአይሪሽ ቋንቋ «ባተራኽት» የሚባለው የአየርላንድ ገበሬዎች የዱላ ፍልሚያ ጥሩ ምሳሌ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ሙያውን እንመልከት። ዱላው እንዲያው ከአጥር የተነቀለ እንጨት አይደለም። ከኦክ፣ ከአሽ ዛፍ ወይም አገሬው «ጥቁር እሾህ» ከሚለው ቁጥቋጦ ተመርጦ ይቆረጣል፤ ቅቤ ወይም ስብ ይቀባል፤ ከምድጃው በላይ በጭስ መውጫው ውስጥ ተሰቅሎ እስኪጠነክርና እስኪጠቁር ይቆያል። ዓለም የሚያውቀው «ሺሌላ» የሚለው መጠሪያም በዊክሎ አውራጃ ከሚገኝ፣ በኦክ ደኑ ዝነኛ ከነበረ ሥፍራ ጋር የተያያዘ ነው። አያያዙም የራሱ ሥርዓት አለው። ተፋላሚው ዱላውን ከግርጌው ሳይሆን ከርዝመቱ ሲሶ ያህል ከፍ ብሎ ይጨብጠዋል። ከጭብጡ በታች የቀረው ክፍል ክንዱንና ክርኑን ይከልልለታል፤ የላይኛው ክፍል ይመታል፣ ይመክታል። በዚህ አኳኋን አንዱ እንጨት ጋሻም መሣሪያም ይሆናል። ይህም በዘመናት ልምድ የተገኘ እውነተኛ ዕውቀት ነው።

ይሁን እንጂ ዕውቀቱ የዋለው ለምን ነበር? በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ19ኛው የመጀመሪያ አጋማሽ በገበያ ቀንና በቅዱሳን በዓላት የተቃራኒ ወገን ሰዎች በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ተሰልፈው ይማቱ ነበር። ጠብ የፈለገ ሰው ካፖርቱን መሬት ለመሬት እየጎተተ «የሚረግጣት ወንድ ካለ ይምጣ!» ብሎ ይፎክራል። ሴቶችም ድንጋይ በጨርቅ ቋጥረው ለወገናቸው ይሰለፋሉ። ሰኔ 24 ቀን 1834 በኬሪ አውራጃ፣ በባሊያ የባሕር ዳርቻ፣ ለፈረስ ውድድር የተሰበሰበው ሕዝብ ለሁለት ተከፍሎ በተጋጠመ ጊዜ ከተሸናፊዎቹ ብዙዎቹ በካሸን ወንዝ በኩል ሊሸሹ ሲሉ ሰጥመው ቀሩ። ወደ ውድድር ሊዝናና የወጣው ሕዝብ ሬሳ ተሸክሞ ተመለሰ።

ሁሉም ጠብ ግን ትርጉም የለሽ አልነበረም። በመንስተር ክፍለ አገር በ1800ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት የተፋለሙት «ካራቫት»ና «ሻናቨስት» የተባሉ ወገኖች ስማቸውን ያገኙት ከአንገት ማሰሪያና ከአሮጌ ሰደርያ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ፖል ሮበርትስ በ1983 በታተመ ጥናቱ ካራቫቶቹ በአብዛኛው ድኾችና የቀን ሠራተኞች፣ ሻናቨስቶቹ ደግሞ የተሻለ ኑሮ የነበራቸው ገበሬዎች እንደነበሩ አስረድቷል። ከሰደርያው በስተጀርባ የመሬትና የእንጀራ ጥያቄ ነበር ማለት ነው። የሚያሳዝነው ግን ብዙው ገበሬ የሌላ ሰው መሬት ጭሰኛ በነበረበት አገር፣ ዱላው ዘወትር ያረፈው በባለ ርስቱ ላይ ሳይሆን በጎረቤት አናት ላይ መሆኑ ነው።

ይህን ዓለም ከውስጥ አይቶ የጻፈው ዊልያም ካርልተን ነው። ከገበሬ ቤተሰብ በ1794 የተወለደው ይህ ደራሲ፣ በ1830 ባሳተማቸው ታሪኮች ውስጥ የሁለት ወገኖችን ጦርነት በአንድ የገጠር አስተማሪ አንደበት ይተርካል። አስተማሪው ስለ ዱላው በሚያስቅ አነጋገር ይጀምራል፤ አንባቢው እየሣቀ ይከተለዋል፤ በመጨረሻ ግን የሁለት ጠበኛ ቤተሰቦች ልጆች ፍቅር በኀዘን ሲቋጭ ሣቁ አፉ ላይ ይደርቅበታል። የካርልተን ብርታት እዚህ ላይ ነው፤ የጨዋታውን ደስታ ሳይደብቅ ዋጋውንም ያስከፍለናል። ከእርሱ በኋላ የመጡት የለንደን የፌዝ ሥዕሎችና ርካሽ ቴአትሮች ግን ደስታውንም ዋጋውንም ጥለው ዱላውን ብቻ አስቀሩ። አየርላንዳዊው ሰክሮ ዱላ የሚያወናጭፍ ጅል ተደርጎ ተሣለ፤ ራሱን ማስተዳደር የማይችል ሕዝብ ነው ለሚሉት ገዥዎችም ሥዕሉ ጠቀማቸው።

ጆን ሲንግ በ1907 በደብሊን አቢ ቴአትር ባቀረበው ተውኔት ነገሩን ወደ ሌላ ደረጃ አደረሰው። በእርሱ ተውኔት መሣሪያው ዱላ ሳይሆን የእርሻ መቆፈሪያ ነው። አባቴን ገደልሁ ያለውን እንግዳ መንደሩ እንደ ጀግና ያከብረዋል፤ ምቱን በዓይኑ ፊት ሲደግመው ግን ያው መንደር በገመድ ያስረዋል። ታዳሚው ሕዝባችን ተሰደበ ብሎ ረበሸ። እኔ ግን ተውኔቱ ስድብ አይመስለኝም። በተተረከ ምትና በታየ ምት መካከል ያለውን ገደል እንድናይ አስገደደን እንጂ። ለመድረክ ፍልሚያ የጻፈ ሰው ሁሉ ይህን ገደል ያውቀዋል።

ፍልሚያው የከሰመው በአንድ ምክንያት አይደለም። ፖሊስ ተጠናከረ፤ ካህናቱ አወገዙት፤ ዳንኤል ኦኮኔልም ሕዝቡን ለፖለቲካ ትግል ሲያደራጅ የወገን ጠብን ነቀፈ። ከ1845 በኋላ የመጣው ታላቁ ረኀብ ደግሞ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ገደለ፤ ሌላ ሚሊዮን አሰደደ። ተፋላሚዎቹን መንደሮች ባዶ ያደረጋቸው ከሁሉ በላይ ይህ ነው።

ሆኖም ጥበቡ ጨርሶ አልሞተም። በካናዳ ኒውፋውንድላንድ የሰፈረ አንድ ቤተሰብ በውርስ ያቆየውን የአያያዝ ስልት ለውጭ ሰዎች ማስተማር ጀምሯል፤ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካም ከቆዩ ጽሑፎች እየቃረሙ የሚለማመዱ ክበቦች አሉ። ሥራቸው ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ከእነዚህ ወዳጆች አንዳንዶቹ ዱላውን ነቀፋ የሌለበት የጀግኖች መሣሪያ አድርገው ሲያቀርቡት፣ የለንደኑን ሠዓሊ ስሕተት በተቃራኒው አቅጣጫ መድገማቸው ነው። እርሱ ሕዝቡን ጅል አደረገው፤ እነርሱ ሐውልት አደረጉት። በሁለቱም ዘንድ ሰውየው የለም።

አንድ የሕዝብ ጥበብ ሕያው ነው የሚባለው እንቅስቃሴው ሳይዛነፍ ስለተደገመ ብቻ አይደለም። የሚሠራው ሰው ከማን እንደ ወረሰው፣ ማንን እንደ ጠቀመና ማንን እንደ ጎዳ ሲያውቅ ነው። የዱላውን አያያዝ የሚያስተምር መምህር የባሊያን ዳርቻም ያስተምር። ይህን ቢያደርግ ተማሪው ዱላውን ሲጨብጥ እንጨቱን ብቻ ሳይሆን ክብደቱንም ይጨብጣል። የባህል ቅርስን ወደ መድረክና ወደ መማሪያ ክፍል ለምናወጣ ሁሉ ከአየርላንድ የሚመጣው ትምህርት ይኸው ነው፤ ጥበቡን ስናነሣ ቁስሉን አንሸፍን።