ሜዳዩ የማን ነው?

ጎባ ላይ ተቀምጦ ስለ ባሕር ኃይል ሜዳይ ማጥናት ለብዙ ሰው ግር ይላል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ከኋላዋ የሳነቴ አምባ፣ በእሱም ላይ 4,377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ ቆሟል። እዚህ የሚወራው ስለ ገብስና ስንዴ፣ ስለ ፈረስና ውርጭ ነው። ውትድርና ግን የሰውን አገር አይቶ አይመድብም። ከዚህ ደጋ ጋቢ ተከናንበው የወጡ ልጆች ምጽዋ ሐሩር ውስጥ ወርደው ነጭ ልብስ ለብሰዋል፣ መርከብ ላይ ዘብ ቆመዋል። ዕድሜ ሰጥቷቸው ተመልሰው ሮቤ፣ ጎባ፣ ዲንሾና አጋርፋ የገቡም አሉ። እነሱ ይዘውት የመጡት ወይም ልጆቻቸው የወረሱት ሜዳይ ነው የእኔ ሥራ።

ጥያቄዬ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይህ ሜዳይ የማን ነው፣ በምንስ አገኘው? ለእንግሊዝ አጥኚ ይህ ከባድ ጥያቄ አይደለም። ለምን እንደሆነ እኛኑ በሚመለከት ሜዳይ ላሳይ።

በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የተመራው ጦር ከዙላ ተነስቶ ወደ መቅደላ ሲወጣ ከመሐሉ መርከበኞች ነበሩበት። ከመርከባቸው ወርደው፣ የሮኬት መወንጨፊያቸውን በበቅሎ ጭነው፣ በ‹ድራያድ› መርከብ አዛዥ በካፒቴን ፌሎውስ እየተመሩ ያን ሁሉ ተራራ ወጡ። ሚያዝያ 3 ቀን አሮጌ ሜዳ ላይ፣ ፊታውራሪ ገብርዬ በወደቀበት ዕለት፣ በአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ላይ ሮኬት የተኮሱት እነሱ ናቸው። በሦስተኛው ቀን መቅደላ ተያዘች፣ ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። እንግሊዝ ለዚህ ዘመቻ የብር ሜዳይ አሠራች። መሐሉ ላይ የንግሥት ቪክቶሪያ ምስል በትንሹ ተቀርጿል። በምስሉ ዙሪያ ዘጠኝ ጫፍ ያለው ኮከብ አለ፣ በጫፎቹ መካከል ደግሞ ‹አቢሲኒያ› የሚለውን ቃል የሚሠሩት ዘጠኝ የላቲን ፊደላት አንድ በአንድ ተሰክተዋል። ጀርባውን ሲገለብጡት በቅጠል ጉንጉን ውስጥ የተቀባዩ ስምና መርከቡ ጎላ ብሎ ይነበባል። 14 ሺህ ገደማ ሜዳይ ተሰጥቷል፤ ከዚያ ውስጥ 2 ሺህ ያህሉ የባሕር ኃይሉ ድርሻ ነበር። ስም ለየብቻ ማተም ወጪው ብዙ ቢሆንም አደረጉት። በዚያ ላይ የባሕር ኃይል ሜዳይ ተቀባዮች መዝገብ ለንደን፣ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ መዝገብ ቤት ዛሬም ይገኛል።

ስለዚህ መቅደላን የወጋው ተራ መርከበኛ ማን እንደሆነ ለማወቅ ሜዳዩን መገልበጥ ይበቃል። አሮጌ ላይ ጦርና ጋሻ ይዞ የወደቀው የጎንደር ወይም የደብረ ታቦር ልጅ ማን እንደሆነ ግን ከጥቂት አለቆች በቀር መናገር የሚችል የለም። በዚህ ሥራ ስንት ዓመት ብቆይም ይህ ልዩነት አሁንም ያንገበግበኛል። ሥራውንም የያዝኩት በእሱ ምክንያት ነው።

የእኛ ሜዳዮች አብዛኞቹ ስም የለባቸውም። ብረቱ ምንም አይናገርም ማለት አይደለም፣ ይናገራል። ከጀርባው የሴቫጂያን ምልክት ካለበት አዲስ አበባ በአርመናዊው አንጥረኛ ቤት የተሠራ ነው። የአርበኝነት ሜዳይ ከሆነ በጥብጣቡ ላይ ያሉት ዘንባባዎች በዱር በገደል ያሳለፈውን ዓመት ይቆጥራሉ። ‹ባለ አምስት ዘንባባ› ሲባል የሰማ ሁሉ ይህን ያውቃል። ነጭና ውሃ ሰማያዊ መስመር እየተፈራረቀ 17 ከደረሰ፣ ከላይ ባለው ዘንግ ላይም ‹ኮሪያ› የሚል የአማርኛ ጽሑፍ ካለ፣ የተባበሩት መንግሥታት ለቃኘው ሻለቃ የሰጠው ነው። እነዚህ ሁሉ ዘመኑንና ዘመቻውን ይነግሩኛል። ሰውየውን ግን አይነግሩኝም። ሰውየውን የማገኘው ከወረቀትና ከሰው አፍ ነው፣ ወረቀቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የለም።

ባሌ ውስጥ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ነገር አለ። ቤተሰቡ ‹አባታችን በባሕር ዘምቷል፣ የባሕር ኃይል ነበር› ይላል። ሜዳዩን ሲያወጡልኝ ግን የኮሪያ ነው። ቤተሰቡ አልዋሸም። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ ‹ጄኔራል ማክሬ› በተባለች የአሜሪካ መርከብ ተሳፍሮ ፑሳን ድረስ በባሕር ተጉዟል። ባሕር አይቶ ለማያውቅ የክብር ዘበኛ ወታደር ያ ጉዞ የዘመቻው ግማሽ ነው፤ ለልጆቹ ሲተርክም ከጦሩ ይልቅ ማዕበሉን ነው የሚተርከው። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ግን ያኔ አልነበረም። ኤርትራ በ1945 በፌዴሬሽን ተቀላቅላ አገሪቱ የባሕር በር ካገኘች በኋላ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ በኖርዌይ መኮንኖች እርዳታ የተቋቋመ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራዬ ዓመተ ምሕረቱን ማጣራት ነው። እዚህም ላይ ወጥመድ አለ፤ የውጭ አሠልጣኞች የሞሉት ወረቀት በፈረንጅ አቆጣጠር ሆኖ ልጆቹ በእኛ አቆጣጠር ካነበቡት፣ አባታቸውን ሰባት ስምንት ዓመት አሳልፈው ሌላ ጦርነት ውስጥ ይከቱታል።

ስምም እንዲሁ ነው። ምልመላ ላይ የተቀመጠው ጸሐፊ ኦሮምኛ የማያውቅ ከሆነ፣ የባሌውን ልጅ ስም እንደሰማው ይጽፈዋል። የአባት ስም ላይ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ይሆናል። መዝገብ ላይ የማገኘው ሰውና ሮቤ ውስጥ የሚኖረው ሰው አንድ መሆናቸውን ለማረጋገጥ የትውልድ ቀበሌውን፣ የአያቱን ስምና አብሮት የተቀጠረውን ጓደኛውን እጠይቃለሁ። ከሁሉም የሚበጀኝ ጓደኛው ነው። የራሱን ማዕረግ የረሳ ሽማግሌ አጠገቡ የተኛውን ጓደኛውን ስም አይረሳም።

ሮቤ ውስጥ የማውቃቸው አንድ የባሕር ኃይል ጡረተኛ አሉ። ቤታቸው ስሄድ መጀመሪያ የሚቀርበው ቡና ቀላ (በቅቤ የተቁላላ ቡና) ነው፤ ሳይቀመስ ወሬ አይጀመርም። ከዚያ ልጃቸው የብስኩት ቆርቆሮውን አመጣች። ከውስጡ ሦስት ነገር ወጣ፤ ጥብጣቡ የነተበ የደርግ ዘመን ሜዳይ፣ መልሕቅ ያለበት የመለዮ ምልክት፣ እና ባለ አራት ማዕዘን፣ በጫፉ የሚቆም፣ ከጀርባው ብሎን ያለው ነጭ ባጅ። ልጅቱ ባጁን አንስታ፣

«የጀግና ሜዳዩ ይሄ ነው» አለችኝ።

ባጁን ገልብጬ ብሎኑን ሳየው ምን እንደሆነ ገባኝ። ሶቪየቶች ለምሩቅ የሚሰጡት የትምህርት ቤት ባጅ ነው፤ በልብስ ላይ የሚታሰረው በመርፌ ሳይሆን በብሎን ነው። ነገር ግን በልጅቱ ፊት ከእሳቸው ቀድሜ መናገር አልፈለግሁም።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ከየት ነው የመጣው?» አልኳቸው።

«እሱ እንኳ ከትምህርት ቤት ነው፣ ልጄ። ሩሲያ ተምሬ ስጨርስ የሰጡኝ ነው። የጦር ሜዳው ያኛው ነው» ብለው የነተበውን አሳዩኝ። ልጅቱ ዝም አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ስታጸዳ የኖረችው ባጁን ነበር፤ ሜዳዩን ነክታው አታውቅም። በእኔ ዓይን ይህ መልካም ዕድል ነበር፣ ምክንያቱም ያልተወለወለ ሜዳይ ብዙ ይዞ ይቆያል። ጥብጣቡ ላይ የደረት ኪሱ የቆረጠው ቦታ፣ ቀለሙ ከብርሃን የተደበቀበት እጥፋት፣ በዘመኑ እጅ የተሰፋው ክር፤ ይህ ሁሉ ሜዳዩ እውነት ተለብሶ እንደነበር ይመሰክራል። ብራሶና አመድ ይህን ያጠፋሉ። የምሄድበት ቤት ሁሉ አትወልውሉ፣ ጥብጣቡን አትቀይሩ፣ አንዱን ከሌላው አትለዩ እያልኩ እለምናለሁ።

ከዚያ የአገልግሎታቸውን ነገር ጠየቅኋቸው። ‹ኢትዮጵያ› በተባለችው መርከብ ላይ ሠርቻለሁ የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ዝናዋም ብዙ ነው። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የመጣች፣ ‹ኦርካ› ተብላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያገለገለች፣ 95 ሜትር ገደማ ርዝመት የነበራት የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ ናት። በየዓመቱ በጥር ምጽዋ ላይ ይከበር በነበረው የባሕር ኃይል ቀን የውጭ አገር የጦር መርከቦች እየመጡ ከጎኗ ይቆሙ ነበር። እኔ ግን ስለ በዓሉ አልጠይቅም፣ በዓሉን ፎቶ ያየ ሁሉ ያወራዋል። የምጠይቀው ስለ ሞተር ክፍሉ ነው። መርከቧ የምትነዳው በናፍጣ ሞተር ነበር። እንፋሎት ስለሚያፈላ ትልቅ ቦይለር የሚተርክልኝ ሰው ወይ ሌላ መርከብ ላይ ነበር፣ ወይ ከፊልም ያመጣው ነው። የሮቤው ሽማግሌ ሳልጠይቃቸው እጃቸውን አሽትተው፣ «የናፍጣው ሽታ እኮ ሣሙና አይለቀውም ነበር፤ እናቴ ጎባ ለፈቃድ ስመጣ ‹ምን ስትጠጣ ነው የከረምከው› ትለኝ ነበር» አሉ። በማስታወሻዬ ላይ ከማንኛውም ማኅተም በላይ ያሰመርኩበት ቃል ይህ ነው።

ከባዱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የኮሪያ ሜዳይ ያለው ሰው በኩራት ያወራል። ምጽዋ ላይ የተዋጋ ግን ድምፁን ይቀንሳል። ሻዕቢያ በ1970 ከተማዋን ሲከብ መርከቦቹ ከባሕር እየተኮሱ ተከላክለዋል፤ በየካቲት 1982 ምጽዋ ስትያዝ ደግሞ ጓደኞቻቸው እዚያው ቀርተዋል። ከማዶ የቆመው ወንድም ነበር። የባሌው አመፅም ይኸው ነው። ጄኔራል ዋቆ ጉቱ በመሩት፣ በ1950ዎቹ ተነስቶ በ1962 በቆመው ትግል ጊዜ አንዱ ቤት ለመንግሥት በመዋጋቱ ሲሸለም፣ ሁለት አጥር አልፎ ያለው ቤት ልጁን ቀብሯል። እኔ ሜዳዩን አልመዝንም፤ የተሰጠበትን ግዳጅ፣ ቦታና ዘመን እጽፋለሁ። ‹ሽፍታ› ወይም ‹ወንበዴ› የሚለውን የዘመኑን ቃል ግን ወረቀት ላይ ካገኘሁት በትዕምርተ ጥቅስ አስገብቼ እንጂ በራሴ ቃል አድርጌ አልጽፈውም። ከጎረቤታሞቹ አንዱን ብቻ ጠይቄ የተመለስኩበት ጉዳይ አልተጠናቀቀም ብዬ ነው የምይዘው።

አንዳንዴ ደግሞ አንድ ቤት ውስጥ ያለ ታሪክ ከሌላው ጋር ሳይታሰብ ይገጥማል። የባሕር ኃይሉ አዛዥ የነበሩት፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ከተረሸኑት 60 ሰዎች አንዱ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ፣ የራስ ደስታ ዳምጠው ልጅ ናቸው። ራስ ደስታ በየካቲት 1929 በጠላት እጅ በሞቱበት የመጨረሻ ዘመቻቸው አብሯቸው የነበረው የባሌው ገዥ ደጃዝማች በየነ መርዕድ ነው። የአርበኛ ዘንባባ ያለው የባሌ ቤትና የመርከበኛ መለዮ ያለው የባሌ ቤት፣ በአባትና በልጅ በኩል የሚገናኙበት ክር አላቸው ማለት ነው።

የምሠራው ከሞት ጋር እየተሽቀዳደምኩ ነው። እንግሊዝ ከ1793 እስከ 1840 እ.ኤ.አ. ለተደረጉት የባሕር ውጊያዎች ሜዳይ እንዲሰጥ የወሰነችው በ1847 ነበር፤ ያውም በሕይወት ኖሮ ለሚያመለክት ብቻ። 21 ሺህ ያህል ሰው አገኘ፤ ቀድሞ የሞተው ቀረ። የእኛ መርከበኞች ሜዳያቸውን ቢያገኙም ወረቀታቸው ጠፍቷል። በግንቦት 1983 መርከቦቹ ወደ የመን ሲሸሹ ብዙ ሰነድ ተበተነ፤ ‹ኢትዮጵያ›ም እዚያው የመን ቀርታ በ1985 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። መርከበኞቹ በየስደቱና በየሰፈሩ ሲበታተኑ ሜዳያቸውን የቀበሩ፣ የሸጡና ያቀለጡ አሉ። ለባዕድ ሰብሳቢ የሚሸጥ ቤተሰብ አልወቅስም፣ ረሃብ ሜዳይ አይበላም። የምጠይቀው ከመሸጡ በፊት እንዲያሳዩኝ ነው። ዋጋ ግን አልገምትም። ዋጋ ከተናገርኩ በሚቀጥለው ቤት ሜዳዩን የሚያሳየኝ አላገኝም።

አሁን በእጄ ያለው ጉዳይ የሮቤው ሽማግሌ ሜዳይ ነው። ግዳጁ 1970 ላይ ምጽዋ እንደነበር እሳቸው ይናገራሉ፤ አብረዋቸው የነበሩ አንድ የጎባ ሰውም ይህንኑ ብለውኛል። ሁለቱ የማይስማሙበት ነገር ቢኖር ያኔ የነበሩበት መርከብ ነው፤ አንዱ ‹ኢትዮጵያ› ላይ ነበርን ይላሉ፣ ሌላው ከትንንሾቹ የጥበቃ ጀልባዎች በአንዱ። ሦስተኛው ጓደኛቸው አዳማ እንደሚኖሩ ሰምቻለሁ። መጀመሪያ የምጠይቃቸው ሞተሩ የት ጋ እንደነበር ነው።